ከናጎያ የመጣው ብስክሌት

ተክለጻድቅ ቅዳሜ ጠዋት ሞቶ የተገኘው ከኦክላንድ ተራራ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ቁልቁለቱ በሚብስበት መታጠፊያ ላይ ነው። አንገቱ ተሰብሯል፤ ቀኝ እጁ ትንሿን የፊልም ካሜራ እንደጨበጠ ነው። ብስክሌቱ ግን ከጭረት በቀር ምንም አልሆነም። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ሁለቱን ፍሬኖች ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ «ጤነኛ ነው» ብሎ ጻፈ።

መርማሪዋ ሀረገወይን ስትደርስ አብረውት የሚነዱት የብስክሌት ማኅበር አባላት መንገድ ዳር ቆመው ነበር። አንዷ ስልኳን ወደ ራሷ አዙራ፣ ሬሳውን ከኋላዋ አድርጋ ጸጉሯን ታስተካክላለች። ሀረገወይን ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች፤ እንዲህ ያለውን ሰው ግን ገና አልለመደችም።

«ስልኩን ብታስቀምጪው?»

«ለሜሞሪያሉ ነው እኮ!» አለች ዮዲ፣ የማኅበሩ ቪዲዮ ቀራጭ።

«ይልቅ ኬዙን ቶሎ ክሎዝ ያድርጉት፣» አለ አጠገቧ የቆመው ሊቀመንበሩ ናዖድ። ባለፈው ዓመት በኦክላንድ ማራቶን ካስመዘገበው ፈጣን ሰዓት ወዲህ የሳን ሆዜ ሐበሻ «ጀግናው» ይለዋል፤ እሱም ተው ብሎ አያውቅም። «አክሲደንት ነው። በአንድ እጁ እየነዳ ፎቶ ያነሳል። ስንቴ ነገርነው! ጃፓን፣ ናጎያ ከተማ ለፋብሪካ ቡድን ሲሮጥ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረ፤ የተማረው ቆሻሻ በየዓይነቱ መለየትና ጫማን አፍንጫውን ወደ በር አዙሮ ማስቀመጥ ነው። ሳሙራይ ነበር የምንለው።»

ዮዲ ሳቀች፤ ወዲያው ትዝ ሲላት አፏን ያዘች።

«ቀርበህ አይተኸዋል?»

«እኔ ሬሳ አልቀርብም። ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም።»

«የብስክሌቱ የፊት ፍሬን በየትኛው እጅ ነው የሚያዘው?»

«በግራ ነዋ! ግራውን ጨመቀ፣ የፊት ጎማው ቀጥ አለ፣ እሱ በላዩ ሄደ። ይሄን ለማወቅ መርማሪ መሆን ያስፈልጋል?»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሁለቱንም ነው የምይዘው፣» አለች ዮዲ።

ሀረገወይን ወደ ብስክሌቱ ሄዳ ሽቦውን በጣቷ ተከተለችው። እውነትም በግራ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር ወደሚገኘው የብስክሌት መጠገኛ ሄደች። ባለቤቱ ሚክያስ እጁ ጥቁር ቅባት፣ ዓይኑ ቀይ ነው።

«ረቡዕ ሰርቪስ አድርጌ የመለስኩለት እኔ ነኝ። ናዖድ ለሰው ሁሉ ደውሎ ‹ፍሬኑን ያበላሸው ሚክያስ ነው› ብሏል። ይሄ ሱቅ ከተዘጋ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ? እስር ቤትስ ብገባ?»

«የፊት ፍሬኑ በየትኛው እጅ ነው?»

«በቀኝ። ጃፓን እንዲያ ነው የሚሠራው፤ እዚህ አገር በግራ ነው። ላዙርልህ ብለው ‹እንዳትነካው!› አለኝ። ቀኙ ካሜራ ይይዛል፤ ግራው የኋላውን ለስለስ አድርጎ ይይዛል። እንዲያ ሲሆን አይገለብጥም።»

«አሁን በግራ ነው።»

ሚክያስ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። «እመቤቴን! እኔ አላዞርኩትም። ግን ማን ያምነኛል?»

«የሚያነሳቸውን ፎቶዎች አይተህ ታውቃለህ?»

«የኔን ብቻ። የሰው ፎቶ አያሳይም። ሲያነሳህ አጥቦ መጀመሪያ ለአንተ በሁለት እጁ ይሰጥሃል። ካልወደድከው ኔጌቲቩን ፊትህ በመቀስ ይቆርጠዋል። ናጎያ ካሜራ ያስተማሩት ሽማግሌ ደንብ ነው ይላል።»

የሟቹ ክፍል ከሱቁ ብዙም አይርቅም። በሩ ውስጥ አንድ ጥንድ ጫማ አፍንጫውን ወደ ውጭ አድርጎ ባለቤቱን ይጠብቃል። በግድግዳው ላይ ያ ሁሉ የተሳቀበት የናጎያ ሕይወት ተደርድሯል፦ በረንዳ ላይ በእንጨት ዘንግ የተሰጣ ልብስ፣ ጠዋት በሬዲዮ ትእዛዝ ለስፖርት እጃቸውን የሚያነሱ አዛውንቶች፣ ጸጉራቸውን የተላጩ ቤዝቦል ተጫዋች ልጆች። ሀረገወይን ሲያሾፉበት የነበሩትን አስባ ከንፈሯን ጠመዘዘች። በመስኮቱ ገመድ ላይ የተንጠለጠለውን ኔጌቲቭ ወደ ብርሃን አንስታ አየች፤ ከዚያም ከካሜራው ፊልም ጋር እንዲታጠብ ላከችው።

በማግስቱ ሚክያስንና የማኅበሩን አባላት ሳን ሆዜ፣ ናዖድ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች ብስክሌቱን እየገፉ ገቡ።

«ምንጣፌን!» ብሎ ጮኸ ናዖድ።

የናዖድ የማራቶን ሜዳሊያ የራሱ መብራት በርቶለት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከጎኑ ናዖድ ከብስክሌት በላይ ሲበር የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ አለ።

«ይሄስ?»

«ተክለጻድቅ ያነሳኝ ነው። የሱን ብስክሌት ተውሼ የወደቅኩ ቀን። ስወድቅ እንኳ እንዴት እንደማምር ያዩልኛል?»

«አይቻለሁ። እንግዲህ ሁላችሁም አብራችሁ እዩ፣» አለች ሀረገወይን ወደ ፎቶው እየተጠጋች። «በግራ እጁ ለተመልካች ሰላምታ ይሰጣል። የጨመቀው በቀኙ ነው፤ የኋላው ጎማ ሰማይ ላይ ነው። የዚህ ብስክሌት የፊት ፍሬን በቀኝ እንደነበር ናዖድ በአጥንቱ ተምሯል።»

ናዖድ ፎቶውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ያህል አፈጠጠበት።

«ካሜራው በፊልሙ ጥግ ቀኑን ያትማል። ሐሙስ ዕለት ተክለጻድቅ ቁልቁለት እየወረደ ግራ እጁን ፍሬኑን እንደያዘ ፎቶ አንስቶታል፤ አንድ ፎቶ አይደለም፣ ብዙ ነው። በሰላም ወርዷል። ስለዚህ ሚክያስ ረቡዕ ሲመልስለት ፍሬኑ እንደ ቀድሞው ነበር።»

ሚክያስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ዓርብ ማታ ብስክሌቶቹ የት አደሩ?»

«እዚሁ ጋራዥ፣» አለች ዮዲ በቀጭን ድምፅ። «ጠዋት ስመጣ መኪናው ላይ ተጭነው ነበር የጠበቁኝ።»

«ተራራው ጫፍ ድረስ በመኪና ወጣችሁ። ተክለጻድቅ መጀመሪያ ፍሬን የያዘው እንግዲህ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ዮዲ ፍሬኑ የት እንዳለ ጭራሽ አታውቅም። ናዖድ ግን በቀኝ እንደነበር እያወቀ፣ ሳይቀርብ ሳይነካ ‹በግራ ነዋ!› አለኝ። ወደ ግራ መዞሩን የሚያውቅ ያዞረው ሰው ብቻ ነው።»

«ምን አድርጎኝ እገድለዋለሁ?»

ሀረገወይን ከቦርሳዋ ፖስታ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ናዖድ የደረት ቁጥሩን እንደለጠፈ በፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ ቆሞ ሙዝ ይበላል። ጥጉ ላይ የታተመው የማራቶኑ ቀን ነው።

«ጀግናው ከሩጫው መሃል ወጥቶ ባቡር ሲጠብቅ፣» አለች ሀረገወይን። «ፊልሙን በቅርቡ አጥቦ፣ እንደ ደንቡ የመጀመሪያውን ቅጂ ለአንተ ሰጥቶህ ነበር።»

ናዖድ ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ ውስጥ ያለውን ቀኝ እጁን አየ። ፖሊሱ እጁን ሲያስር ድምፁ ተለወጠ።

«ለስንት ሰው አሳይቶታል? ዝም ብሎ ፖስታውን ሰጠኝና ጎንበስ ብሎ ሄደ! ሊያስፈራራኝ ነው! ማን ማን አይቶታል? ንገሪኝ!»

ሰው መግደሉን ትቶ የጨነቀው ይሄ ነው። ሀረገወይን ከጫማው እስከ ግንባሩ በዝግታ አየችው።

«ከእሱ በቀር ማንም አላየውም። ያንተን መልስ እየጠበቀ ነበር። ‹አልወደድኩትም› ብትለው ኔጌቲቩን እፊትህ በመቀስ ይቆርጠው ነበር።»

ከዚያም የሜዳሊያውን መብራት አጠፋችና ወጣች።