ለአራት የተገዛው ማውስ

ኢንስፔክተር ስርጉትን ከሬሳው በፊት የተቀበላት ጠረኑ ነበር። በአሶሳ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግማሽ ቀን ተዘግቶ የዋለ ክፍል፤ የተራረፈ ፉል፣ የከረመ ካልሲ፣ የሲጋራ ቁራጭ የተነከረበት የለስላሳ ጠርሙስ፣ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ደም። ሶፍት አውጥታ አፍንጫዋን ያዘች። አሥራ ስምንት ዓመት በምርመራ ሥራ ላይ ቆይታለችና ሬሳ አያስደነግጣትም። ቆሻሻን ግን ዛሬም አልለመደችውም።

ሟቹ ሰራዊት ይባላል። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ወጣት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ከኮምፒዩተሩ ወንበር አጠገብ በጎኑ ወድቋል። ከኋላው ጭንቅላቱን የተመታበት የዛገ የበር መቀርቀሪያ እዚያው እግሩ ሥር ተጥሏል። ዝንቦቹ ከፉሉ ወደ ሰውየው፣ ከሰውየው ወደ ፉሉ ይመላለሳሉ።

«ገዳዩ ተይዟል» አለ ሳጅን ነገሪ፣ ሥራው በማለቁ ደስ ብሎት። «የግቢው ዘበኛ ነው፣ ኢዘዲን። ሸሚዙ ላይ ደም አለ።»

«እሱ ምን አለ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጩኸት ሰምቼ ሮጬ ገባሁ፣ ላነሳው ስል ደሙ ነካኝ ነው የሚለው። ትናንት ሐሙስ ደግሞ ሟቹ ውሃ አልቀዳህም ብሎ ሰድቦታል።»

«የሞተበት ሰዓትስ?»

«ሐኪሙ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ከማለት አላለፈም። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ አሳጠረልን። ሰራዊት ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ የተኩስ ጌም ሲጫወት ነበር፤ ጨዋታው ያለቀው ሰባት ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ ነው። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ኢዘዲን ከጁምዓ ሶላት ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነብዩ የሚባለው የሟቹ ጓደኛ መጥቶ ሬሳውን እስኪያገኝ ድረስ በግቢው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

የሚያሳምን ነገር ነበር። ስርጉትን የቆረቆራት ግን ጠረጴዛው ነው። ኪቦርዱ በዘይትና በእንጀራ ፍርፋሪ ተለስኗል፤ የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ሰው ጣቱን የጠረገበት ወጥ ደርቋል። በዚህ ሁሉ መሐል ግን አራት ቁልፎችና አንድ ማውስ እንደ ሠርግ ዕቃ ያብረቀርቃሉ።

ማውሱ ተራ ማውስ አልነበረም። ጀርባው በብሎን ተፈትቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ በጎኑ አምስት ቁልፍ አለው፤ ሆዱ ተከፍቶ ትንንሽ የብረት ክብደቶች ይገቡበታል። ቀይ መብራት እያበራ ነበር። ስርጉት ጓንት አጥልቃ አነሳችው። እጇን ወደ ታች ጎተተው። ሆዱን ብትከፍተው አምስቱም ብረቶች ገብተውበታል። ጀርባው እስከ መጨረሻው ተገፍቶ አጥሯል፤ ጀርባው ሲወጣ ይቆም የነበረበት ሐዲድ ላይ ጥቁር የእድፍ መስመር ተጋግሯል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የአራቱ ነው» አለ ነገሪ። «ሰራዊትና ሦስት ጓደኞቹ በማኅበር ገዝተው ከአዲስ አበባ ያስመጡት። በተራ ይጫወቱበታል። አሁን አዲስ አበባ ለሚደረገው የክልሎች ውድድር እየተዘጋጁ ነበር አሉ።»

ስርጉት የሟቹን ቀኝ እጅ አየችው። ትልቅ፣ ጣቱ የረዘመ እጅ ነበር። ማውሱን ከመዳፉ ጎን ያዘችው። ግማሹንም አልሞላውም።

ቅዳሜ ጠዋት ከጣቢያው በር ላይ የኢዘዲን ሚስት ሐኒ ምግብ በፌስታል ይዛ ተቀምጣ ነበር። ስርጉትን ስታይ ተነሳች፤ የቤርታ ሰው ናትና አማርኛው አልፈታላትም።

«ኢዘዲን ሰው አይገድልም» አለች። «ዶሮ ማረድ እንኳ ጎረቤት ይጠራል።»

ስርጉት ምንም ቃል አልገባችላትም። ለማይታወቅ ነገር ቃል መግባት አትወድም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ነብዩን ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ መዳፉ አካፋ የሚያህል ልጅ ነው። ትናንት ከስድስት እስከ ሰባት ተኩል ቤቱ ብቻውን ተኝቶ ነበር፤ ከዚያ እስከ አሥር ተኩል ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ነበር። ስለ ሰራዊት ስትጠይቀው «ጥሩ ልጅ ነበር» ብቻ አለ። ስለ ማውሱ ስትጠይቀው ግን ፊቱ በራ።

«ኢንስፔክተር፣ እንደሱ ያለ ማውስ እዚህ ከተማ የለም! ለእያንዳንዳችን ሴቲንጉን በውስጡ ይይዛል። አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ መብራቱ ይቀየራል፤ ቀይ የሰራዊት፣ ሰማያዊ የእኔ፣ አረንጓዴ የአይናለም፣ ወይን ጠጅ የሙላቱ ነው። የእጅ ልኩንና ክብደቱን ግን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ያስተካክላል። እኔና ሰራዊት ጀርባውን እናስረዝመዋለን፣ ሁለት ብረት ይበቃናል።»

«መጨረሻ የተጫወተው ማን ነው?»

«ሐሙስ እኔ ነበርኩ፣ አይናለምም አብራኝ ነበረች። ሲያልቅ በባለ ቤቱ ልክ አድርጎ መሄድ ደንባችን ነው። ቤቱ የሰራዊት ስለሆነ በእሱ ልክ መልሼዋለሁ።» ጥቂት አመነታና ፈገግ አለ። «ግን ትናንት በጌሙ ጉድ ሠርቷል! ስልኬ ላይ ውጤቱን አየሁት፤ ሠላሳ አንድ ሰው ገደለ። ሰራዊት እኮ ከአሥራ ሁለት አልፎ አያውቅም።»

ጓደኛው ከሞተ አንድ ቀን ያልሞላው ሰው ስለ ውጤት ሲፈግግ ማየት ስርጉትን አንገሸገሻት። ውሃዋን ተጎነጨች።

አይናለም በጾሬ የስደተኞች መጠለያ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ትሠራለች። አርብ ምሳ ሰዓት ከተማ ውስጥ ብቻዋን ስትገበያይ ነበር፤ ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ በድርጅቱ መኪና ወደ ጾሬ ተመለሰች። እጇ የልጅ እጅ ያህላል፤ አንጓዋ በፋሻ ታስሯል።

«እኔ ያን ማውስ ሳልጠርግ አልነካውም» አለች ፊቷን አጨማዳ። «ፉል በልቶ በዚያው እጁ ነው የሚይዘው። እርጥብ ሶፍት ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።»

«ክብደቱስ እንዴት ነው?»

«አንድም ብረት አላስገባም። አንጓዬ ያመኛል። ሙላቱ አምስቱንም ጠቅጥቆ ሲጫወት ሳይ እኔ ነኝ የሚደክመኝ።»

«ኢዘዲን ከሰራዊት ጋር ተጣልቷል ብለሽ ለፖሊስ ቃል ሰጥተሻል። አርብ ምሳ ሰዓት መስጊድ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?»

«ሁላችንም እናውቃለን። የግቢው ቁልፍ ያለን ለዚያ አይደል? እሱ ሲሄድ ራሳችን ከፍተን እንገባለን።»

«ሬሳው ሲገኝ ግን ማን ነው ለማንሳት የሞከረው?»

አይናለም ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኔ አልነበርኩም። ነብዩ ደጅ ቆሞ ጮኸ አሉ። ማን ይነካዋል?»

ሙላቱ መጨረሻ ገባ። በአንድ ቢሮ የመረጃ ባለሙያ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ የተከረከመ፣ እጁ ትንሽ ነው። ወንበሩን በሶፍት ጠርጎ ተቀመጠ። አርብ ሰባት ሰዓት ከአርባ አምስት ጀምሮ ሃያ ሰው በተሰበሰበበት የቢሮ ስብሰባ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ምሳ በልቷል፤ የት እንደበላ ግን በደንብ አላስታወሰም።

«ማውሱንስ መቼ ነው የነካኸው?»

«ሰኞ። ከዚያ ለመስክ ሥራ ባምባሲ ሄጄ አርብ ጠዋት ነው የተመለስኩት። እንደምታዪው እኔ ጽዳት እወዳለሁ፤ ያ ክፍል ደግሞ ያስታውከኛል።» ሶፍቱን አጣጥፎ ጨመረ፤ «በዚያ ላይ ማውሱ ቀይ እያበራ ነበር አይደል? ቀይ የሰራዊት ነው። እስከ መጨረሻው እሱ ሲጫወት ነበር ማለት ነው።»

ስርጉት ስለ መብራቱ ለማንም አልተናገረችም። እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ነገር መርጦ ይህን አነሳላት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ወደ ሆስፒታል ተወስዷል፤ ፉሉ ግን አሁንም እዚያው አለ፤ አድሯልና ሸትቷል። ነብዩ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ አይናለም አፍንጫዋን ያዘች፤ ሙላቱ የሚቀመጥበት ንጹሕ ቦታ አጥቶ ቆመ። ኢዘዲን እጁ በካቴና ታስሮ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሃምሳውን የተሻገረ፣ ቀጭን ሰው ነው።

«ባጭሩ ልንገራችሁ፤ እኔም እዚህ ብዙ መቆየት አልፈልግም» አለች ስርጉት። «ሁላችንም የታለልነው በአንድ ጨዋታ ነው። ሰባት ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ ያለቀውን ጨዋታ ሰራዊት ተጫወተው ብለን አመንን። ሰራዊት ግን አሥራ ሁለት የሚገድል ተጫዋች ነው፤ አርብ ሠላሳ አንድ ተገደለ። ሰው በአንድ ቀን እንዲህ አይሻሻልም።»

«ታዲያ ማን ነው የተጫወተው?» አለ ነብዩ።

«ማውሱን እንጠይቀው።» በፕላስቲክ ከረጢት የታሸገውን ማውስ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «መብራቱ ቀይ ነው። እናንተ የማን ተራ እንደሆነ የምታውቁት በመብራት ነው፤ ስለዚህ ገዳዩ ሲጨርስ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ቀይ መለሰው። መብራቱን ከመለሰ ሁሉንም የመለሰ መሰለው። ብረቱና ብሎኑ ግን በቁልፍ አይመለሱም። ነብዩ ሐሙስ ማውሱን በሰራዊት ልክ አስተካክሎ ሄደ፤ ረዥም ጀርባ፣ ሁለት ብረት። ይህን አይናለምም አይታለች። የተገኘው ግን አጭር ጀርባና አምስት ብረት ነው።»

ነብዩ ወደ ማውሱ ጠጋ አለ። ስርጉት ቀጠለች።

«አጭር ጀርባ ለትንሽ እጅ ነው፤ ነብዩ ወጣ። አምስት ብረት ለአይናለም አንጓ አይሆንም፤ እሷም ወጣች። የቀረው በአምስት ብረት የሚጫወተው ባለ ትንሽ እጅ ነው። እሱ ደግሞ ከሰኞ ወዲህ አልነካሁትም ብሎኛል።»

ነብዩና አይናለም ወደ ሙላቱ ዞሩ።

«ይሄ ማስረጃ አይደለም!» አለ ሙላቱ። «ማንም ሰው በእኔ ልክ አስተካክሎ ሊወነጅለኝ ይችላል!»

«ሊወነጅልህ የፈለገ መብራቱን ወይን ጠጅ አድርጎ ይተው ነበር። በዚያ ላይ ማውሱና ለጨዋታ የሚነኩት አራት ቁልፎች ተጠርገዋል፤ ሌላው ሁሉ እድፍ እንደለበሰ ነው። አሻራ ለማጥፋት ቢሆን ሌላውም በተጠረገ ነበር። ገዳዩ የጠረገው ከመጫወቱ በፊት ነው፤ የሰራዊትን ላብ መንካት ስለቀፈፈው።» ድምፅዋ ወፈረ። «ሰውየውን በብረት ፈንክቶ ጥሎ፣ ላቡን ተጸየፈ! ነገሪ፣ ወይን ጠጁን አብራ።»

ነገሪ ማውሱን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝቶ መብራቱን ቀየረና ጌሙን ከፈተ። የጎኑን ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫነ። በስክሪኑ ላይ ያለው ጠመንጃ በተከታታይ ስምንት ጥይት ተኮሰ፤ አንዱም አልሳተ።

«ማክሮ ነው፤ በራሱ የሚተኩስ ትእዛዝ...» አለች አይናለም። «ሙላቱ፣ ስታጭበረብር ነበር? በዚህ ነው ለውድድር ያለፍነው?»

«ማውሱ የሚያድረው ሰራዊት ቤት ነው፤ እሱም ይህንኑ ነው የደረሰበት» አለች ስርጉት። «ሊያጋልጥህ ነበር። ኢዘዲን መስጊድ የሚሄድበትን ሰዓት ጠብቀህ መጣህ፣ መታኸው። ከዚያ በሕይወት እንዳለ ለማስመሰል በስሙ ተጫወትክ። ስለዚህ ሰራዊት የሞተው ከዚያ ጨዋታ በፊት ነው። ያኔ ኢዘዲን መስጊድ ውስጥ ከመቶ ሰው ጋር ሶላት ላይ ነበር።»

ሙላቱ የተከረከመ ጥፍሩን አየ። ሲናገር ድምፁ ቀጭን ነበር።

«አዲስ አበባ ሰው ሁሉ ፊት ሊያዋርደኝ ነበር። ለምኜዋለሁ።»

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለች ስርጉት። «ለማስመሰል መሸነፍ ይበቃህ ነበር። ለምን ሠላሳ አንድ?»

«ልሸነፍ ፈልጌ ነበር» አለ ሙላቱ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

ሬሳው እግሩ ሥር ተኝቶ፣ ሙላቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለማሸነፍ ሲጣደፍ ታያት። ነገሪ ካቴናውን ከኢዘዲን እጅ ፈትቶ በሙላቱ እጅ አስገባ፤ ሙላቱ ካቴናውን በሶፍት ለመጥረግ ሞከረ፣ ነገሪ ገፍቶ አስወጣው።

ነብዩ ሊወጣ ሲል ከበሩ ላይ ተመለሰ። «ይቅርታ ኢንስፔክተር፤ ማውሱ ግን ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ይመለስልናል?»

ስርጉት አየችው። የምትናገረው ስድብ ብዙ ነበር፤ አንዱም አልበቃትም። «ከፊቴ ጥፋ» ብቻ አለችው። አይናለም ቀድማ ወጥታ ነበር፤ ኢዘዲን አጠገብ ስታልፍ ቀና ብላም አላየችው።

ኢዘዲን ግድግዳውን ይዞ ተነሳ፤ የታሰረበትን አንጓ አሻሸ።

«ነፃ ነዎት አቶ ኢዘዲን» አለችው። «ሐኒ ጣቢያው በር ላይ እየጠበቀችዎት ነው። መኪና ያድርስዎት።»

«ሰራዊትስ?» አለ ኢዘዲን። «ጀናዛው የት ነው?»

«ሆስፒታል ነው። ቤተሰቦቹ ነገ ይደርሳሉ።»

«ማን አለ እሱ ጋር?»

ስርጉት ቀኑን ሙሉ ስታነጋግራቸው ከሦስቱ ጓደኞቹ ይህን የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም ራሷ አልጠየቀችም።

«ብቻውን አይተውም» አለ ኢዘዲን። «ሐኒ ምግብ ይዛ እዛ ትምጣ በሉልኝ። እኔ እሱ ጋር እቀመጣለሁ።»