የመሥዋዕቱ ሥጋ

ሜኔክራጦስ እራቱን ሳይጨርስ ማዕዱ ላይ ተደፍቶ ሞተ። ተሰሎንቄ በማግስቱ ከመመረዙ ሌላ ወሬ አልነበራትም። በስደቱ ዘመን ከክርስቲያኖች የተወረሰውን የጸሎት ቤት የገዛው እሱ ነው። አሁን ደግሞ ክርስቲያኖች በነፃነት እንዲያመልኩ፣ ንብረታቸውም እንዲመለስላቸው የንጉሥ አዋጅ ወጥቷል። የዚያ ምሽት እንግዳው የጸሎት ቤቱ እንዲመለስ ሊጠይቅ የመጣው አንድ ዓይናው ዲያቆን ዞቲኮስ ነበር። እንግዲህ ከተማው ማንን እንደጠረጠረ መናገር ያስፈልጋል? ዲያቆኑ ታሰረ። ንጽሕናው ካልታወቀ አንገቱ ይቀላል፤ ቤቱም እንደተወረሰ ይቀራል።

መርማሪው ቪቢያኖስ ፊቱ የማይፈታ ሽማግሌ ወታደር ነው። መጀመሪያ የሟችን ወንድም ፊሎጣስን ጠየቀ።

«ማዕዱ ላይ ምን ነበር?»

«እኔ ከቤተ ጣዖት ያመጣሁት የመሥዋዕት ሥጋና ያ ሰውዬ ያመጣው ወይን።»

«መርዙስ?»

«ምን ያጠያይቃል ጌታዬ? ወይኑ ውስጥ ነዋ! ሥጋውንማ ዞቲኮስም ከወንድሜ ጋር በልቷል። ጣቱን ሲልስ አይቻለሁ። ይኸው ደህና ነው!»

የሟች ሚስት ቅሪስፒና ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ ማን ምን እንደበላ አላየሁም። ዋርሳዬ ፊሎጣስ የሥጋውን ሳህን ራሱ ሲያጥብ ግን ገረመኝ። በዕድሜው ሳህን አጥቦ አያውቅም።»

ዞቲኮስ በሰንሰለት እንደታሰረ መለሰ። «ወይኑን አብረን ጠጣን። ቤቱን እመልስላችኋለሁ ብሎኝ ነበር። ነፍሱን ይማር።»

ከቀትር በኋላ ቪቢያኖስ ሦስቱንም እራት የተበላበት ክፍል ሰበሰባቸው።

«ዞቲኮስ፣ ዓይንህን ምን አጠፋው?»

«በስደቱ ጊዜ ዳኛው የመሥዋዕት ሥጋ ቅመስ አለኝ። አንዲት ጉርሻ። እምቢ ስል በጋለ ብረት አወጡት።»

«ሰማህ ፊሎጣስ? ለዓይኑ ሲል ያልቀመሰውን ትናንት ጣቱን እየላሰ በላ ትለኛለህ! ለምን ዋሸህ? ሥጋው ያንተ ስለሆነ፣ በልቶ ያልሞተ ሰው አስፈለገህ። የተረፈውን ወይን ዛሬ ጠዋት እኔው ጨልጬዋለሁ፤ ይኸው ቆሜ እለፈልፋለሁ። ሳህኑንም ያጠብከው ሥጋው እንዳይመረመር ነው። ወንድምህ ቤቱን ሊመልስ ነበር፤ አንተ ደግሞ ልትወርሰው።»

«አዋጁ ወጣ አይደል እንዴ!» ብሎ ጮኸ ፊሎጣስ። «ካሁን ወዲያ ክርስቲያኖችም እንደ ሰው ይበላሉ ብዬ ነዋ!»

«አዋጁ አምልኩ አለ እንጂ ይህን ብሉ አላለም፣ አንተ ጅል!»

ወታደሮች ፊሎጣስን ይዘውት ወጡ። የዞቲኮስ ሰንሰለት ተፈታ። ቅሪስፒና ከመቀነቷ ቁልፍ ፈታ ሰጠችውና ግቢውን አቋርጠው የጸሎት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ዞቲኮስ ደጋግሞ ሞከረ፤ ቁልፉ አልገባ አለው።

«ክፈቺልኝ እህቴ፣ እጄ እምቢ አለኝ» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እሷም እያለቀሰች ከፈተችለት።