አንገት ያላየው ሐብል

ወልደተንሣኤ በሕይወት ሳለ ለማንም ምንም በነጻ ሰጥቶ አያውቅም። በ1975 ዓ.ም. ሁዳዴ በገባ በአምስተኛው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ግን ለደብረ ብርሃን ከተማ ሁሉ ወሬ በነጻ ሰጠ፤ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ወሬው ከደወል ቀድሞ ጠባሴን አለፈ፤ ጣርማ በር ሲደርስ ሟቾቹ ሦስት ሆነው ነበር።

የተጠራው መቶ አለቃ ገብረአብ ነው። ስለዚህ መርማሪ አፍንጫ ብዙ ተብሏል፣ ሁሉም ያንሳል። ጣርማ በር አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ቁልቁል ደብረ ሲና የማን ቤት ሽሮ እንዳረረ ይለያል ይባላል። ይህን አብዝቶ የሚናገረው እርሱ ራሱ ነው፤ ቢሆንም እስካሁን ያስተባበለው የለም።

በሩ ላይ ሦስት ሰዎች ጠበቁት። አንዱ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ኃይለ ገብርኤል ነው፤ «እንደምን አደርክ» ለማለት እንኳ አጀንዳ የሚያስይዝ ሰው። ሁለተኛዋ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ቅቤ ነጋዴ ናት። ሦስተኛው አንጥረኛው ኪዳነ ማርያም ሲሆን፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ለቅሶ ከደረሰ ሰው ይልቅ ቅዳሴ ያስቀደሰ ይመስላል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ጉዳዩ ተጠናቋል» አለ ሊቀ መንበሩ። «ገዳይዋ በአብዮት ጥበቃ እጅ ናት። ከአንተ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው።»

«ፊርማዬ ውድ ነው» አለና ገብረአብ ገባ።

ሟቹ አረቄ አረቄ እየሸተተ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ፊቱ በዕድሜው ሙሉ ባልታየበት ደም ቀልቷል፤ የከሰል ጭስ የገደለው ሰው መልክ ነው። ከአልጋው አጠገብ አመድ የሞላው ምድጃ ተቀምጧል፤ በአመዱ መካከል ሳይነድ የቀረ የግራር ከሰል፣ ጠጣርና ጥቁር፣ አፍጥጧል። በቀኝ መዳፉ ላይ የወርቅ ሐብል አለ።

«ቅቤው እንዴት እንደሚያብረቀርቅ ይመልከቱ» አለ አንጥረኛው ከደጅ ሆኖ። «ገዢዋ አጥልቃዋለች ማለት ነው። ምስኪን ወልደተንሣኤ።»

ገብረአብ ሐብሉን በእርሳሱ ጫፍ አነሣው። ከሐብሉ አንዲት ጠብታ ወርዳ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አረፈችና ቀስ ብላ ተንጣለለች። መቶ አለቃው ያን ስመ ጥር አፍንጫ አስጠጋ፤ አሸተተ፤ ምንም አልተናገረም። እርሱ ዝም ካለ ለአንድ ሰው ክፉ ቀን መጥቷል ማለት ነበር።

የጠቡን ታሪክ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ወልደተንሣኤ የፎቶ አልበም ተሸክሞ ቆላ ደጋ የሚዞር ሰው ነበር። በአልበሙ ውስጥ ንግሥት ብታጠልቀው አንገቷ የሚቀጭ የሚያህል ጌጥ አለ። ገዢ በሥዕሉ ይመርጣል፣ ይከፍላል፤ ከወር በኋላ ዕቃው «ከአዲስ አበባ» በሳጥን ይመጣለታል። በሥዕሉ ላይ የአውራ ጣት ውፍረት የነበረው ሐብል ሲመጣ የድመት ጢም ያህላል።

ከአልዩ አምባ የመጣችው ሰሊሃ፣ ባሏ የሞተባት በርበሬ ነጋዴ፣ ለልጇ ለመሊካ ኒካሕ ብላ አንድ ሐብል በዚህ መንገድ ገዛች። ዋጋው ከሚገባው ሦስት እጥፍ ነበር። ሳጥኑን ከፍታ አየችው፣ መልሳ ከደነችው፤ አጎቷን ሐጂ አብዱልጀሊልን ይዛ በቀጥታ ወደ ቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ወጣች።

ሐሙስ ዕለት በሸንጎው ፊት ሐጂው የአልዩ አምባን ነጋዴዎች የቆየ ሕግ ተናገሩ። ኺያር ይባላል አሉ፤ ምርጫ ማለት ነው። ሳያይ የገዛ ሰው ዕቃውን ባየ ጊዜ መውሰድም መመለስም መብቱ ነው። ከተገለገለበት ግን ምርጫው አበቃ። ጓድ ኃይለ ገብርኤል ሕጉን ወደደው፤ በማግሥቱ እርሱ ራሱ ያወጣው መስሎት እስኪያወራ ድረስ ወደደው። ስለዚህ ሸንጎው ሴትዮዋ ሐብሉን ዓርብ ለሻጩ እንድታስረክብ፣ ሻጩም አለመጠለቁን አይቶ ቅዳሜ ገንዘቧን እንዲመልስ ወሰነ። የሸንጎው ዐዋቂ ምስክር ሆኖ የቀረበው አንጥረኛው ኪዳነ ማርያም ሐብሉ ጥሩ ወርቅ ነው ብሎ ማለ። ወልደተንሣኤ ደግሞ አምስት ሳንቲም ሊወጣበት በሆነ ቁጥር እንደሚያደርገው ጮኸ፦ «አዲስ አበባ ወስጄ ሳላስመረምር አልከፍልም!»

ይህ ሁሉ ሲባል ወለተ ጊዮርጊስም ነበረች። እርሷም ከሟቹ ቀለበት ገዝታ ጣቷ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ አልቅሳ መመለስ ሲገባት ያፈረችበትን ጣት ደብቃ የሌላውን ክርክር ልትሰማ መጣች።

መቶ አለቃው ከእርሷ ጀመረ። ሴትዮዋ ለቅዳሴ ልትወጣ በማለዳ ስትነሣ በበሩ ሥር ጨርቅ ተወትፎ አየች፤ ስባ አወጣችው፤ ብታንኳኳ መልስ የለም፤ ገፋችው። ብርድ ፈርቶ የወተፈው መስሏት ነበር።

«ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«ከውጭ።»

«ራሱን ከውጭ የሚወትፍ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ምድጃውስ የእርሷ እንደሆነ ጠየቃት። እርሷ የምታነደው ኩበት ነው፤ ሟቹ ደግሞ ክረምት ከበጋ በእርሷ ምድጃ ግድግዳ በኩል ጀርባውን እያስጠጋ የሚሞቅ እንጂ የራሱን ክብሪት የሚጭር ሰው አልነበረም። ይህን ስትናገር ቅያሜ ሳይሆን አድናቆት ነበረባት። ቤቷ ገብቶ አየ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ የቅቤ ቅል ተደርድሯል። በሁዳዴ የሚበላው ሲጠፋ በርካሽ ትገዛለች፣ ለፋሲካ በውድ ትሸጣለች። በዚያ ቤት ያለው ቅቤ የደብረ ብርሃንን ሰው ሁሉ ራስ ቀብቶ ለበጎቹም ይተርፍ ነበር።

አንጥረኛውን ትናንት ማታ የት እንደነበር ጠየቀው። ቤቱ በጸሎት ላይ ነበር።

«ትጾማለህ?»

«ምን ማለትዎ ነው?» አለ ኪዳነ ማርያም፣ ፊቱ ፈካ ብሎ። «እንኳን ቅቤ፣ ሽታው ደጄን አይረግጥም። ሚስቴ ከዘወረደ ወዲህ ራሷን እንኳ አልተቀባችም።»

«እግዚአብሔር ጾምህን ይቀበልህ» አለው ገብረአብ፣ ጻፈውም።

ሰሊሃ የታሰረችው በቀበሌው ዕቃ ቤት ነው። ፀሐይ ገብታበት በማታውቅ፣ ሰው ሲተነፍስ ጉም በምትሠራ ክፍል ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ በፀጉሯ መፍረቂያ ላይ የተቀባችው ቅቤ እንደ አመዳይ ነጥቶ ረግቷል። የልጇ ኒካሕ የፊታችን ሐሙስ ነው። እናቲቱ በነፍስ ግድያ የተያዘችበትን ቤት የሚጋባ ወንድ ከአንኮበር እስከ አፋር በረሃ እንደማይገኝ ታውቃለች።

«ሐብሉን አጥልቀሽዋል?»

«ባጠልቀው ምርጫዬ ይቀራል። አጎቴ ነግሮኛል። በርበሬ ሻጭ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም፣ መቶ አለቃ።»

«ሞኝ ካልሆንሽ ወርቅ በሥዕል እንዴት ገዛሽ?»

«እሱን ለራሴም አልመለስኩም» አለች።

ሌሊቱን የዘመዷ ቤት ከስድስት ሴቶች ጋር በአንድ ምንጣፍ አድራለች። ስድስቱም መስክረዋል። ጓድ ኃይለ ገብርኤል ግን ምስክርነታቸውን አልጻፈም፤ ወረቀቱ የቀበሌ ስለሆነ መቆጠብ ነበረበት አለ።

ሦስት ሰዓት ላይ መቶ አለቃው ሁሉንም በቀበሌው አዳራሽ ሰበሰበ። ሐጂ አብዱልጀሊልም የእህታቸውን ልጅ መያዝ ሰምተው በጭነት መኪና ደርሰዋል፤ ሐሙስ ማታ ወደ ቆላ ወርደው ትናንትም እዚያው እንዳደሩ ሹፌሩ ተናግሯል። ገብረአብ ከወለተ ጊዮርጊስ ቅል አንድ ጭልፋ ቅቤ አስመጥቶ፣ ምድጃ ላይ አቅልጦ፣ በሰሐን አድርጎ መስኮቱ ላይ አኖረው። ከጎኑም ሐብሉን በሌላ ሰሐን አኖረ። ሴትዮዋ ቅቤው የማን ኪሣራ እንደሆነ ስትጠይቅ የሰማት የለም።

«ወልደተንሣኤን ከሰል ገደለው» ብሎ ጀመረ። «ከሰል ግን በራሱ እግር አይገባም፣ ወጥቶም በር አይወትፍም። ገዳዩ ምድጃውን ይዞ ገባ፤ አረቄም ይዞ ገባ፤ ሟቹ በነጻ የመጣ ነገር እምቢ አይልምና ጠጣ፣ ተኛ። ገዳዩ ጎህ ሳይቀድ ተመልሶ ጨርቁን ሊያወጣ ነበር። ያኔ ጉዳዩ ተራ የብርድ አደጋ ይባላል። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ቀደመችው።»

«ሴትየዋ አጥልቃው ገንዘቧን ስለከለከላት ገብታ —» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ጓድ፣ ተራህን ጠብቅ። ሐብሉ ስለምን ተቀባ? የተጠለቀ እንዲመስል። ከተጠለቀ መመለስ የለም፤ መመለስ ከሌለ ምርመራም የለም። ሰሊሃ ይህን ብታደርግ የምትቀማው የገዛ ገንዘቧን ነው። እንኳን በርበሬ ሻጭ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበርም እንዲህ ያለ ሂሳብ አይሳሳትም።»

ኃይለ ገብርኤል ተመሰገነ ወይስ ተሰደበ ብሎ ሲያስብ መቶ አለቃው ወደ መስኮቱ ሄደ። ሁለቱን ሰሐኖች አንሥቶ ዘቀዘቃቸው። የወይዘሮዋ ቅቤ ረግቶ ከሰሐኑ ጋር ተጣብቋል። ከሐብሉ ላይ ግን ቅባቱ ጠብ፣ ጠብ አለ።

«በደብረ ብርሃን ብርድ የማይረጋ ቅቤ ፈጣሪ አልፈጠረም። የሰሊሃን ራስ ተመልከቱ፤ ነጭ ነው። ይህ ቅቤ አይደለም። ሐጂ፣ እስቲ ያሽትቱልኝ።»

ሽማግሌው አሸተቱ። «ቅባ ኑግ ነው» አሉ።

«ቅባ ኑግ ነው። ሐብል በቅቤ መቀባት የፈለገ ሰው በቅባ ኑግ የሚቀባው ቤቱ ቅቤ ሲጠፋ ነው። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ብትሆን በቅቤ ውስጥ በዋኘ ሐብል ነበር የምናገኘው። ጓድ ኃይለ ገብርኤል ደግሞ…» አለና ሊቀ መንበሩን አየው። ጓዱ በስብሰባ ሃይማኖትን ሲያወግዝ የሚውል፣ ቤቱ ገብቶ ግን በድብቅ የሚጾም መሆኑን ያ አፍንጫ ከእስትንፋሱ ሽሮ ዐውቆታል። ኃይለ ገብርኤል ላብ አጠመቀው። «…ጓዱ ትናንት ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ንግግር ያደርግ ነበር። ሁለት መቶ ሰው ተሠቃይቶ መስክሯል።»

ጓዱ ተነፈሰ።

«በሸንጎው የሐጂን ሕግ ከሰሙት መካከል፣ ሽታው እንኳ ደጁን የማይረግጥ አንድ ሰው ቀረ። ገበያ ወጥቶ ቅቤ እንዳይገዛ፣ በሁዳዴ አጋማሽ ቅቤ የሚገዛ ጿሚ ወሬው እርሱን ቀድሞት ቤቱ ይገባል። ደግሞም ያ ሰው ሐብሉን ሳይነካው፣ ሳያሸተው፣ ከደጅ ቆሞ ‹ቅቤ› አለ። በዚህ ሰፈር የግራር ከሰል የሚያነደውም ወርቅ የሚያቀልጥ ብቻ ነው።»

ኪዳነ ማርያም መስቀለኛ ያጣፋውን ነጠላ ያስተካክል ጀመር። ገብረአብ ከሱቁ ያስመጣውን የአንጥረኛውን የራሱን የወርቅ መፈተኛ አሲድ ከፈተና በሐብሉ ላይ አንዲት ጠብታ ጣለ። አረንጓዴ አረፋ ፈላ። ወለተ ጊዮርጊስ ጣቷን አየች፤ ከዚያ ሐብሉን፤ ከዚያ እንደገና ጣቷን።

«ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወርቅ ከዚህ ሰው ሱቅ ነበር የሚወጣው። ነሐስ በወርቅ ተለቅልቆ።»

«አስመረምራለሁ አለ» አለ አንጥረኛው። «በሰው ፊት ምያለሁ። ቢያስመረምር ያልቅልኛል።»

ያን ጊዜ ወለተ ጊዮርጊስ ጣልቃ ገባች፤ ስትናገርም ለሟቹ ሳይሆን ለገዳዩ ያዘነች ትመስል ነበር። «አንተ የማትረባ። ወልደተንሣኤ የአውቶቡስ ከፍሎ አዲስ አበባ ሊሄድ? ያን ሰው ስታውቀው ስንት ዓመትህ ነው?»

አንጥረኛው የተቀመጠበት ላይ ተጣጥፎ ቀረ። ሲወስዱት ነጠላው መሬት እየጠረገ ተከተለው።

ጓድ ኃይለ ገብርኤል ግን አልተረታም። የሰሊሃ ገንዘብ ከአንጥረኛው ንብረት እንደሚመለስ፣ እርሷም አሁኑኑ እንደምትፈታ በታላቅ ድምፅ አስታወቀ፤ ሰሊሃን ያሰራትም እርሱ እንዳልሆነ ሁሉ ለጋስ ሆነ። ከዚያ የተጻፈ ወረቀትና የቀለም ሙዳይ አቀረበላት።

«አውራ ጣትሽን እዚህ።»

ሰሊሃ ወረቀቱን አነሣች። «እስቲ ልየው።»

«የመፈቻ ወረቀት ነው፣ እናት ዓለም። ፎርማሊቲ ነው።»

ሰሊሃ ግን የመሠረተ ትምህርት ሰርተፍኬቷን በአንደኛ ደረጃ የወሰደች ናት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ፊደል በፊደል፣ ቆላ የወረደ አህያ ተመልሶ ደጋ እስኪወጣ በሚበቃ ዝግታ አነበበች። ሐጂው አላቻኮሏትም። መቶ አለቃውም በመስኮቱ ተደግፎ ጠበቀ፤ ሰው ሲጠብቅ በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር። ሰባተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

«‹ለፈጸምኩት ወንጀል አብዮታዊ ምሕረት ስለተደረገልኝ› ይላል።»

«የተለመደ አጻጻፍ ነው» አለ ሊቀ መንበሩ።

ሰሊሃ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ወደ እርሱ ገፋችው።

«ሳላይ የገዛሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ጓድ። አየሁት፤ መለስኩት። ሌላ ጻፍ።»

ኃይለ ገብርኤል ወደ መቶ አለቃው ዞረ። ገብረአብ ጣሪያውን ያያል። ወደ ሐጂው ዞረ። ሐጂው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። በመጨረሻ ያ የቀበሌ ወረቀት የሚቆጥብ ሰው አዲስ ወረቀት አወጣና፣ በሰሊሃ ዓይን ሥር፣ እያንዳንዱን ቃል እያሳያት መጻፍ ጀመረ።