ስድስተኛው ጥያቄ

ሰውን ዓይን ዓይኑን ማየት የማስተምር ሰው ነበርኩ። እኔ ራሴ ግን አልችልበትም ነበር። ይህንን ቀድሜ የምናዘዘው በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚሁ ስለሚጀምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ሲያትል ውስጥ በሚገኝ የኔቲቭ አሜሪካውያን ማዕከል የሥራ አማካሪ ነበርኩ። የዚህ አገር የመጀመሪያ ባለቤቶች የሆኑት፣ ሪዘርቬሽን ከሚባለው የጎሳ መሬታቸው ወጥተው ከተማ የሚኖሩት ሰዎች ወደዚያ ይመጣሉ። ምድር ቤት ሥራ እናፈላልጋለን። ፎቁ የጤና ነው፤ ደም ግፊት የምትለካ ነርስ አለች፣ ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው በየተራ የልባቸውን የሚያወሩበት ክፍል አለ። አለቃዬ ሎሬይን ራሷ ያካማ ከሚባለው ጎሳ ናት። «ፎቅ ወጥቶ ያልቀለለው ሰው ምድር ቤት ባገኘው ሥራ አይዘልቅም» ትላለች።

«ሐበሻ እዚያ ምን ትሠራለች?» የሚለኝ ብዙ ነው። ማስታወቂያ አየሁ፣ አመለከትኩ፣ ተቀጠርኩ። ሌላ ተአምር የለውም።

ዌስሊ የመጣው በኖቬምበር ነው። ብየዳ የሚያውቅ፣ ጀልባ የሚጠግን፣ የሠላሳ ሦስት ዓመት የማካ ጎሳ ሰው። ማካዎች አገራቸው ኒያ ቤይ ነው፤ መሬቱ አልቆ ውቅያኖሱ ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ። ይሠራበት የነበረው የጀልባ ጥገና ቦታ ከተዘጋ ወዲህ ሦስት ኢንተርቪው ሄዶ ሦስቱንም ወድቋል። አንደኛው ቀጣሪ የላከው አስተያየት እጄ ላይ ነበር፦ ሰው አያይም፣ ለመመለስ ይዘገያል፣ የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላል።

«በል፣ እኔ ቀጣሪው ነኝ» አልኩት። «ስለ ራስህ ንገረኝ።»

ዝም አለ። የእሱ ዝምታ ሻይ አፍልቶ ያስወርዳል።

«ዓይኔን እያየህ» ብዬ ጨመርኩ።

«አንቺም እያየሽኝ አይደለም» አለ፣ ጠረጴዛውን እያየ።

እውነቱን ነው። እኔም የማየው የሸሚዙን ቁልፍ ነበር። ሳቄ አመለጠኝ።

«እኛ ቤት ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው» አልኩት። «ያሳደገችኝ ሴትዮ ‹ዓይንሽን ሰበር አድርጊ› እያለችኝ ነው ያደግኩት።»

«እኛም ቤት እንደዚያው ነው። አያቴ ስትናገር መሬት መሬቱን ነው የማየው። ስትጠይቀኝ ቶሎ ከመለስኩ ደግሞ ‹አላሰብክበትም› ትለኛለች።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለቷ ነው። ሴትዮዋን ሳላውቃት ወደድኳት።

«እሷ ብትሆን ትቀጥርህ ነበር።»

«ድሮ ቀጥራኛለች። እንጨት ፈላጭ አድርጋ።»

ተስማማን። ሦስት ሰከንድ እንተያያለን፣ ከዚያ እናርፋለን። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ላይ ተሸነፍኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስትን ያለ ችግር እናልፍ ጀመር። የሥልጠና መመሪያችን ስለ አራተኛው ሰከንድ ምንም አይልም።

በጃንዋሪ ታኮማ ያለ አንድ የመርከብ ጥገና ድርጅት ቀጠረው። ያኔ ነው ነገሩ ለእኔም የገባኝ። ባለጉዳይ ሥራ ሲያገኝ ሁሌም ደስ ይለኛል፤ ግን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አላለቅስም።

ሕጉ ግልጽ ነበር። የሰውዬው ፋይል ክፍት እስካለ ድረስ ሠራተኛ ከባለጉዳይ ጋር ሻይ እንኳ አብሮ አይጠጣም። ፋይሉ የሚዘጋው ደግሞ ሰውዬው ዘጠና የሙከራ ቀኖቹን ሲጨርስ ነው። እስከዚያ የተፈቀደልኝ በየአርቡ ደውዬ ዘጠኝ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነው። እኛም ያልተነጋገርነውን ፍቅራችንን በዘጠኝ ጥያቄ ማብቃቃት ያዝን።

«ትራንስፖርት?»

«መኪናዬ ታለቅሳለች፤ ግን ትሄዳለች።»

«እንቅልፍ?»

«ረቡዕ ረቡዕ ፎቅ መውጣት ከጀመርኩ ወዲህ ይሻላል።»

«ስድስተኛ። ሲቸግርህ የምትደውልለት ሰው አለ?» ከዚህ ቀጥሎ ስምና ዝምድና የሚሞላበት ቦታ አለ።

ዝምታ።

«አለ።»

«ስም?»

«ሰባተኛውን ጠይቂኝ።»

በየሳምንቱ እንዲሁ ነበር። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞራለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በሰባ ስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ እሱ ደወለ።

«ዛሬ አርብ መስሎህ ነው?» አልኩት።

«አያቴ አረፈች።»

እንጨት የምታስፈልጠው ሴትዮ ናት። የእናቱ እናት እህት፣ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው። አራት ቀን ፈቃድ ቢጠይቅ ቢሮው ማንነቷን ጠየቀው፤ እሱም ውሸት አያውቅምና እንዳለ ነገራቸው። የድርጅቱ ወረቀት ላይ ለእናት፣ ለአባት፣ ለወንድም፣ ለእህት፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅና ለአያት ይላል። የአያት እህት የለችበትም። በሙከራ ጊዜ ያለ ፈቃድ የቀረ ደግሞ ይሰናበታል።

«እኛ ጋ የአያት እህት የሚባል የለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «አያት ናት።»

ቀጥሎ የተናገርኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል።

«ዌስሊ፣ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረህ። ቅዳሜ ቀብሩ ላይ ብቻ ደርሰህ ተመለስ። እሷም ብትሆን ሥራህን እንድታጣ አትፈልግም።»

አፌ ስለ እሱ ሥራ ያወራል፤ ልቤ የራሴን አሥራ ሁለት ቀን ይቆጥራል። ከራስ በላይ ነፋስ ማለት እንዲህ ነው። ዝምታዎቹን ሁሉ የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር፤ ያንን ግን አላውቀውም።

«እሺ» አለና ዘጋው።

ዴ ሞይን የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ስገባ ያሳደገችኝ እትዬ ወይንሸት ከኤርፖርት ጽዳት ሥራዋ ተመልሳ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ስለ ዌስሊ ታውቃለች፤ እኔ ሳልነግራት በየአርቡ ከፊቴ ላይ አንብባዋለች። የሆነውን ነገርኳት።

«ለቅሶ እንዳይሄድ መከርሽው?»

«ሥራውን እንዳያጣ ብዬ ነው እትዬ። የአያቱ እህት ናት። ወረቀቱ ላይ የለችም።»

እግሯን ከውኃው አወጣች።

«ለመሆኑ ተናኘ፣ እኔስ ወረቀቱ ላይ ምንሽ ነኝ?»

እትዬ የእናቴ የአክስቷ ልጅ ናት። እናቴ የሞተች ጊዜ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ፀጉሬን የሠራችኝ፣ ሲያመኝ ያደረችልኝ፣ እዚህ አገር ያደረሰችኝ እሷ ናት።

«እኔ ስሞት ፈቃድ አይሰጡሽማ» አለች፣ እግሯን እያደረቀች። «ምን ይደረግ፤ ቀብሬ ላይ ደርሰሽ ትመለሻለሽ።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ጠዋት ደወልኩለት። ነፋስ ይሰማል።

«ፌሪ ላይ ነኝ» አለ፤ ወደ አገሩ በሚያሻግረው መርከብ ላይ። ምክሬን አልሰማም፤ ተመስገን።

«ትናንት ያልኩህን እርሳው። ለአንተ አስቤ አልነበረም፤ ለራሴ ነው።»

«ለራስሽ እንዴት?»

«ፋይልህ ሲዘጋ እነግርሃለሁ።»

ነፋሱን ብዙ ሰማሁት።

«እሺ» አለ። በዚህኛው እሺ መተንፈስ ቻልኩ።

ከዚያ ቀጥታ ሎሬይን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ጥያቄዎቹን፣ ምክሬን፣ እንደምወደው። የምታባርረኝ መስሎኝ ነበር። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ፋይሉን ስጪኝ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ የምደውልለት እኔ ነኝ። ለድርጅቱም ደብዳቤ እጽፋለሁ። አያት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሰዎች ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም።»

ሰጠኋት። አርቦቼም አብረው ሄዱ።

«ለቅሶ መድረስስ ክልክል ነው?» አልኳት በሩ ላይ ቆሜ።

መመሪያውን አገላበጠች። «ስለ ለቅሶ የተጻፈ አላየሁም። ግን ብቻሽን እንዳትሄጂ።»

ብቻሽን ሂጂ ብትለኝስ የት እችላለሁ? እትዬ ስንዴውንና ሽምብራውን ከማታ ጀምራ ዘፍዝፋ ጠብቃኛለች። ለቅሶ ቤት ያለ ንፍሮ አይኬድም አለች። ቅዳሜ ከፌሪው ወርደን አራት ሰዓት ነዳሁ፤ እሷ ንፍሮውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መንገዱን ሁሉ «ቀስ በይ» እያለችኝ።

አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ወዲያ ወዲህ የሚሮጡ ሕፃናት። እትዬ በሩ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጣፋች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባኝ ረፍዷል።

«ወይኔ እናቴን!» ብላ አነባች። አይታት ለማታውቃት ሴት፣ አንጀት በሚበላ ድምፅ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ቆምኩ። ከፊት ወንበር ላይ አንዲት ባለ ምርኩዝ አሮጊት ተነሡ፤ ቀስ እያሉ መጥተው የእትዬን እጅ ያዙና አጠገባቸው አስቀመጧት። እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ። አንዳቸው የሌላዋን ቋንቋ አንድ ቃል አያውቁም። ንፍሮው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እትዬ ፊት ዓሣ ቀረበ።

«ልክ እንደኛው ናቸው እኮ» አለችኝ ጉንጯን እየጠረገች። «ቀይ ሕንድ፣ ቀይ ሕንድ ስንል የኖርነው ምናቸውን አይተን ነው?»

ዌስሊ ከወጥ ቤቱ ትሪ ይዞ ሲወጣ እኛን አየ። ትሪውን የሚያስቀምጥበት ጠፋው።

አሮጊቷ በእንግሊዝኛ «ይህች ሴትዮ ምንህ ናት?» አሉት፣ እትዬን እያሳዩ።

ትሪውን አንድ ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

«አያቴ ናት።»

«ይህችስ?»

ቀና ብሎ አየኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ዓይኔን አልሰበርኩም።

«እሷን ገና አልጠየቅኳትም» አለ።

«ቶሎ በል እንግዲህ» አሉ አሮጊቷ። «እኔ ብዙ ጊዜ የለኝም።»

የሎሬይን ደብዳቤ ሠራ፤ ግን ግማሹን ነው የሠራው። ድርጅቱ ዌስሊን መለሰው፤ ዘጠናው ቀን ግን ከአንድ ይጀምራል አለ። ለእትዬ ስነግራት «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ጠብቂ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ጠበቅኩ። እሱ ረቡዕ ረቡዕ ሐዘኑን ይዞ ፎቅ ይወጣል፤ ደረጃው ላይ ስንገናኝ እጅ ተነሣስተን እንተላለፋለን። አርብ አርብ ሎሬይን ከጎኔ ጠረጴዛ ላይ ሆና ትደውላለች። «ስድስተኛ» ትላለች። ዝም ብላ ትቆያለች። «እሺ፣ ሰባተኛ» ትላለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር። በዚያው ሰሞን የራሴን የሠራተኛ ፎርም አስወጥቼ ከወይንሸት ስም ፊት «ዘመድ» የሚለውን ሰርዤ «እናት» ብዬ ጻፍኩ።

ዘጠናው ቀን የሞላው በጁላይ፣ አርብ ከሰዓት ነው። ሎሬይን ስልኩን ልታነሣ ስትል ዌስሊ ራሱ በበሩ ገባ። የሥራ ልብሱን አላወለቀም፤ እጁ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ዓሣ ይዟል።

«ለአያቴ ነው» አለና፣ ለእትዬ ማለቱ ነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ሄዶ ሎሬይን ፊት ተቀመጠ።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ጥያቄዎች ፈጥኖ መለሰ። እንደዚያ ፈጥኖ ሰምቼው አላውቅም።

«ስድስተኛ» አለች ሎሬይን። «ሲቸግርህ የምትደውልለት ሰው አለ?»

«አለ።»

«ስም?»

«ተናኘ።»

እስክሪብቶዋ ሲጽፍ ይሰማኛል።

«ዝምድና?»

ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። መቁጠር ጀመርኩና አራት ላይ ተምታታብኝ።

«እሱን ልጠይቃት ነው የመጣሁት» አለ።

«እኔም የምነግርህ አለኝ» አልኩት። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። «ፋይልህ ሲዘጋ ብዬህ ነበር።»

«አንድ ጊዜ፣ ሁለታችሁም» አለች ሎሬይን። ሰባተኛውን፣ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን እያነበበች ራሷ ሞላቻቸው፤ ቀን ጻፈች፣ ፈረመች፣ ፋይሉን አጠፈችው።

«በሉ፣ አሁን» አለች።