አሜሪካ የዋለባቸው ቀናት

ቄስ መልከ ጼዴቅ ነሐሴ 24 ቀን ቀየት ከተባለው መንደር አጠገብ ከገደል ሥር ሞተው ሲገኙ ዓይናቸው ተከድኖ፣ የእግራቸው አውራ ጣቶች በጥቁር ክር ታስረው ነበር። በመሬት ድንበር ከእሳቸው ጋር ሲካሰሱ የኖሩት አቶ አባይነህ በዚያኑ ዕለት ታሰሩ። «ሲዝቱ ሰምቻለሁ» ብላ የመሰከረችው የቄሱ የወንድም ልጅ ፀደንያ ናት።

በሰባተኛው ቀን ኢንስፔክተር የምሥራች ለቅሶ ቤቱ ገብታ ሁሉንም በየተራ ጠየቀች። ፀደንያ ጥያቄው ወደ ወንድሟ ወደ ታዲዮስ ሲዞር ደሟ ፈላ።

«ትናንት ነው የገባው! ሞታቸውን በስልክ ስነግረው አሜሪካ ነበር። ካላመኑኝ ይኸው!»

ሞላሌ ከተማ ባለው ኮፒ ቤቷ ጠዋት ለታዲዮስ ያተመችውን ወረቀት ሰጠቻት። እሷ አላነበበችውም፤ የአሜሪካ ወረቀት ስለሆነ ብቻ ወንድሟን የሚያድን መስሏት ነበር።

የምሥራች ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይህ ምንድን ነው፣ ታዲዮስ?»

«አሜሪካ የዋልኩባቸውን ቀናት የምሞላበት የግብር ቅጽ ነው። ተማሪ ሳለሁ አሜሪካ የዋልኩበት ቀን አይቆጠርም ነበር። ቪዛዬን ወደ ሥራ ከቀየርኩ ወዲህ ይቆጠራል፤ ለግብር ነዋሪ መባል አለመባሌ በሱ ይለያል።»

«ብትዋሽበትስ?»

«ሥራዬም ቪዛዬም ገደል ገባ።»

ኢንስፔክተሯ ለቅሶተኛውን ሁሉ ሰበሰበች።

«አቶ አባይነህ ቢገፏቸው ኖሮ ዓይናቸውን ባልከደኑ። ይህን ያደረገው ሳይገንዝ መሄድ ያላስቻለው፣ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ክሩ ማተብ ነው፤ የቄሱ ማተብ ደግሞ አንገታቸው ላይ ነበር። እዚህ ቤት ዲያቆን የነበረ ማነው?»

ታዲዮስ ፎጣውን ወደ አንገቱ ሳብ አደረገ። ፀደንያ ትናንት ስታቅፈው ባዶ አንገቱን አይታ፣ አሜሪካ አስጥሎት ነው ብላ አልፋው ነበር።

«አሜሪካ ነበር እኮ!» አለች፤ ዓይኗ ግን አንገቱ ላይ ነበር።

«አሜሪካ የዋለበትን የመጨረሻ ቀን ራሱ ሞልቶታል። በእኛ ነሐሴ 20 ነው፤ ቄሱ ከመሞታቸው አራት ቀን በፊት። አሜሪካኖቹን መዋሸት ፈራ፤ እናንተን አልፈራም።»

ታዲዮስ ተንበረከከ። «ተመልሰህ ደብሩን አገልግል ብለው በግዝት አስረውኝ ነበር። ከግዝቱ ይፍቱኝ ልል ተደብቄ መጣሁ። እምቢ አሉ። እጄን ሲይዙኝ መነጨቅሁባቸው... ገደሉን አላየሁትም።»

በማግስቱ ፀደንያ ለወንድሟ ምሳ ይዛ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ከአቶ አባይነህ ጋር ተገናኘች። እሳቸው ተፈተው መውጣታቸው ነው። ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

«ጋሼ፣ ያለ ኃጢአትዎ ያሳሰርኩዎት እኔ ነኝ።»

አቶ አባይነህ በትከሻቸው የጣሉትን የበግ ጠጉር ባና አውርደው በክንዷ ላይ አኖሩላት።

«ክፍሉ ይበርዳል» አሉ። «ይህን ስጪው።»