ልጅሽ እኔ ጋ ናት

ፈጠራ ነው ብሎ ማለፍ የሚፈልግ ሰው ይለፍ፤ አልቀየመውም። እኔም ብችል አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል። በእኔ ላይ ነው የሆነው።

ቀኑ አሜሪካ ውስጥ የሠራተኞች ቀን የሚከበርበት የሴፕቴምበር መጀመሪያ ሰኞ ነበር፤ የበጋው የመጨረሻ ረጅም እረፍት። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር። ቦታው ከባሕር ወደ ባልቲሞር የሚመልሰው መንገድ፣ ትልቁ ድልድይ ጋ ለመድረስ ስድስት ማይል ሲቀረን።

ፀሐይ ነበረች። ጨለማ የለ፣ ጫካ የለ። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና... ጣሪያቸው ላይ ብስክሌትና የዋና ጎማ የጫኑ ቤተሰቦች ሁሉ አንድ ላይ ወደ ቤታቸው ይሳባሉ።

እኛ አራት ነበርን። ባሌ ግራንት ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ነኝ። ከኋላ የስምንት ዓመቱ ዌስ እና የአምስት ዓመቷ ጁኒ።

አራት። ቁጥሩ ልክ ነበር። ያታለለንም እሱ ነው።

ስለ ሦስቱ የእረፍት ቀናት ብዙ አልናገርም። እኔና ግራንት ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት የምንኖር ባዕዶች ሆነን ነበር። ባሕር ያስታርቀናል ብለን ሄድን። ባሕር ማንንም አያስታርቅም። አሸዋ ላይ ቁጭ ብለን "ልጆቹን አንተ እይ"፣ "አይ፣ ተራው ያንቺ ነው" ስንባባል ሰነበትን።

አንድ ነገር ግን አላጎደልኩም። እዚህ አገር ያለች እናት በበዓል ሰሞን የምታደርገውን አድርጌያለሁ። በየማለዳው በማይለቅ ማርከር በልጆቼ ክንድ ላይ ስልክ ቁጥሬን እጽፋለሁ። ሕዝቡ እንደ ጉንዳን ነው፤ ልጅ ከጠፋ ያገኘው ሰው ይደውላል።

"እማዬ፣ ኮረኮርሽኝ!" ትላለች ጁኒ ስጽፍባት። ቅዳሜ ማታ አንድ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበርና፣ ስትስቅ ምላሷ በቀዳዳው ብቅ ይላል።

ሰኞ ስንነሣ ተጣልተን ነው የተነሣነው። ግራንት ጥላውን እየነቀለ ይሳደባል፣ እኔ ፎጣ እያራገፍኩ እመልስለታለሁ። ጁኒ በመሐላችን ስትመላለስብኝ፣ "ከዚህ ቦታ እንዳትነሺ!" ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ዕቃ ተሸክመን ወደ መኪናው ሄድን።

ስደርስ ሁለቱም ልጆች ወንበራቸው ላይ ናቸው። በሩን ዘጋሁ። ተንቀሳቀስን።

መጀመሪያ የገረመኝ ዝምታዋ ነው።

ጁኒ በየአሥር ደቂቃው "ደረስን?" የምትል ልጅ ናት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም።

ደክሟት ነው፣ አልኩ ለራሴ።

ከዚያ ቺፕሱ... ባሕሩ ዳር የገዛነው፣ አቼቶ የፈሰሰበት የግራንት ቺፕስ ነበር። ጁኒ አቼቶ ገና ሲሸታት ያቅለሸልሻታል። ዞር ስል ጨርሳው ወረቀቱን እየላሰች ነበር።

ከዚያ ጸጉሯ። በዚያ ፀሐይ፣ መስኮት ተከፍቶ ሁለት ሰዓት ተጉዘን... ከጸጉሯ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። ጠብ... ጠብ...

ዌስ በሩ ላይ ተለጥፎ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

"ዌስ፣ ምን ሆንክ?"

"ምንም።"

ወደ ጎኑ አያይም። ልጠይቀው አፌን ስከፍት ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ሄሎ፣ የኔ ማር" አለችኝ አንዲት አሮጊት። "እንዳትደነግጪ። ልጅሽ እኔ ጋ ናት።"

"ይቅርታ፣ ተሳስተሻል መሰለኝ።"

"ክንዷ ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ እያየሁ ነው የደወልኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻዋን አሸዋ ላይ ተቀምጣ ሳያት፣ ወላጅ ይኖራታል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ማልቀስ ጀመረች። የባሕር ዳር ጠባቂዎቹ ጋ ወስጃታለሁ።"

ሳቅሁ። ይግረማችሁ፣ ሳቅሁ።

"ሁለቱም ልጆቼ ከኋላዬ ናቸው። ከቁጥሩ አንዱ ተፍቆ ይሆናል።"

"እሺ ማሬ... ብቻ 'ስሜ ጁኒ ነው' ትላለች።"

...

"ወንድሟ ዌስ ነው። አባቷ ግራንት። የወለቀ ጥርሴን ሆቴል ረሳሁት እያለች ለእሱም ታለቅሳለች።"

አንገቴን ቀስ ብዬ አዞርኩ።

ልጅቷ እያየችኝ ነበር። ፈገግ አለችልኝ።

ጥርሷ ሙሉ ነው።

ክንዷን አየሁ። የዌስ ክንድ ላይ ቁጥሬ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የእሷ ክንድ ንጹሕ ነው፤ ማርከር ነክቶት የሚያውቅ አይመስልም።

"ግራንት..." አልኩ በሹክሹክታ። "ጁኒን ወንበሯ ላይ ያሰርካት አንተ ነህ?"

"አንቺ ነሽ እንጂ።"

"እኔ አይደለሁም።"

"እንዴ? ጥላውን ስጭን ታስራ ነበር እኮ።"

የዚያ የሕፃናት ወንበር ቀበቶ ለአዋቂ እንኳ በስንት ግብግብ ነው የሚቆለፈው። የአምስት ዓመት ልጅ ራሷን አታስርበትም።

"ዌስዬ፣ እህትህን ማን አሰራት?"

ዌስ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ።

"ስገባ... ነበረች።"

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ወደ ግራንት ተጠጋሁ።

"አዙር።"

"ምኑን?"

"መኪናውን አዙር! ከድልድዩ በፊት መውጫ አለ። ጁኒ እዚያ ቀርታለች።"

"አብደሻል? ይህችው ከኋላሽ! ሁለት ሰዓት በዚህ ትራፊክ ተጠብሼ አሁን ደግሞ—"

"ተመልከታት።"

በስፖኪዮው ተመለከታት። ረጅም ጊዜ። ከፊታችን መንገዱ ተከፍቶ ከኋላ ጡሩምባ እስኪነፉብን ድረስ። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁት። ከዚያ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

"ልጃችን መኪናው ውስጥ ናት" አለ ቀስ ብሎ። "ዝም በይ፣ ኮሪን።"

አውቋል። ማወቁን እኔም አወቅሁ። ዓመት ሙሉ በምንም ያልተስማማን ሰዎች በዚህ ልንስማማ ነው።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩ። የማዕበል ድምፅ ይሰማል፣ የወፎች ጩኸት... ከዚያ አንዲት ትንሽ ድምፅ፣ "እማዬ ናት? ስጪኝ" አለች።

"እማዬ?"

ልጄ ናት። ሰው በብዙ ነገር ይሳሳታል፣ በዚህ ግን አይሳሳትም።

"እማዬ፣ አልተነሣሁም እኮ። እንዳልሽኝ እዚያው ነው የተቀመጥኩት። መቼ ነው የምትመጪው?"

"መጣሁ" ልላት አፌን ከፈትኩ።

ያኔ ከኋላ ያለችው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። በዚያው ድምፅ።

"እማዬ... ከተመለስን ማን ነው የሚወርደው?"

ዞር አልኩ። የዌስን እጅ ይዛዋለች። አያያዟ የልጅ ነው፤ የዌስ ጣቶች ግን ደም አጥተው ነጥተዋል። ልጄ አፉ ተከፍቶ፣ ድምፅ አጥቶ ያለቅሳል።

"ዌስ ይውረድ?" አለችኝ፣ በየዋህነት።

መውጫው በስተቀኝ እየቀረበ ነው። ግራንት ፍሬቻ አላበራም።

ስልኩ ላይ ድምፅ ተቀየረ። አንድ ወጣት ነው።

"ይቅርታ፣ የባሕር ዳር ጠባቂ ነኝ። መጠየቅ ስላለብኝ ነው። የጠፋብዎት ልጅ አለ?"

ዌስን አየሁ። እጁን አየሁ።

"የለም" አልኩ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ሁለቱም ልጆቼ አብረውኝ ናቸው። ቁጥሩ ተሳስቷል።"

ከጀርባው "እማዬ ምን አለች?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስልኩን ዘጋሁት።

መውጫውን አለፍነው።

ድልድዩ ላይ ስንወጣ ልጅቷ የዌስን እጅ ለቀቀችው። ከዚያ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ከሥራችን የተዘረጋውን ውሃ እያየች፣

"ደረስን?" አለች።

ለዌስ ብዬ ነው እላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ለራሴ የምነግረው ይህንኑ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ፍርሃት ነው፤ ያንን ከእናንተ አልደብቅም። ያቺን ነገር ከመኪና አውርጂ ከምባል ልጄን መካድ ቀለለኝ። ጴጥሮስ እንኳ ከካደ በኋላ ወጥቶ አለቀሰ። እኔ ቤት ገብቼ እራት ሠራሁ።

ማክሰኞ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧ ከፍቼ፣ ወደ አሮጊቷ ደወልኩ።

"የትናንትናዋ ልጅ... ምን ሆነች?"

"ውይ፣ በስህተት የደወልኩልሽ ነሽ? ተባረኪ፣ አስበሽ መደወልሽ። በሰላም ሄደች የኔ ማር። እናቷ መጥታ ወሰደቻት።"

"እናቷ?"

"እናቷ እንጂ። እንዲያውም ድምፅሽ ድምፅዋን ይመስላል። እንዴት አንጀቴን እንደበላችኝ! 'ይቅር በይኝ፣ ዘገየሁብሽ' እያለች እቅፍ አድርጋ ስታለቅስ... ልጅቷም አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ዝም አለች።"

"በየት በኩል መጣች?"

አሮጊቷ ትንሽ አሰበች።

"አሁን ስትጠይቂኝ ነው ያስተዋልኩት... ከውሃው በኩል። ከነልብሷ።"

ከዚያ ወዲህ ያ የአሮጊቷ ስልክ ሠርቶ አያውቅም።

ቤታችን ያለችው አሁን አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሰሃን ታጥባለች፣ አትጮህም፣ አስተማሪዎቿ ይወዷታል። እስካሁን አንድ ጥርሷ ወልቆ አያውቅም። ግራንት ስለ እሷ ከእኔ ጋር አንድ ቀን አላወራም። ትዳራችንም አልፈረሰም፤ እንዴት ይፈርሳል? ማናችን ነን ብቻችንን ከእሷ ጋር የምንቀረው? ዌስ በሩን ቆልፎ ይተኛል። ቢያመው እንኳ እኔን አይጠራኝም። ምን እንዳልኩ በጆሮው ሰምቷል፤ እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እንዲህ ያለች እናት እጠራ ነበር?

ባለፈው በጋ፣ የሥራ ጉዞ አለብኝ ብዬ ብቻዬን ወደ ባሕሩ ሄድኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ጫማዬን አውልቄ በውሃው ጠርዝ ጠርዝ ተራመድኩ። ምን ልፈልግ እንደሄድኩ አላውቅም። አጥንት ይሁን፣ ይቅርታ ይሁን...

ከፊት ለፊቴ አንዲት ሴት የሕፃን ልጅ እጅ ይዛ ትመጣለች።

መጀመሪያ የለየሁት አረማመዷን ነው። ግራ እግሯን በትንሹ ትስባለች። እኔም ከሁለተኛው ወሊድ ወዲህ እንደዚያ ነው የምራመደው። ስትቀርብ ፊቷን አየሁት። የእኔ ፊት ነው፤ ብቻ በደንብ የተኛ፣ የዳነ ፊት ነው።

ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው። አሁንም አምስት ዓመቷ ነው። እየዘለለች ነገር ታወራላታለች፣ ሴትየዋም ጎንበስ ብላ ታዳምጣታለች። እኔ እንደዚያ ጎንበስ ብዬ አዳምጫት አላውቅም።

"ጁኒ..." አልኩ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። መንገደኛ እንደሚታይ አየችኝ። አላወቀችኝም።

ሴትየዋ ግን አወቀችኝ። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ቂምም ፊቷ ላይ አላየሁም። መንገድ ላይ የሚያስፈራ ሰው ሲመጣ እናቶች የምናደርገውን ነው ያደረገችው።

ልጅቷን ቀስ ብላ ከእኔ ራቅ ወዳለው ጎኗ አዞረቻት። ትከሻዋን አቀፈቻት። እርምጃዋን ፈጠን አድርጋ፣ አለፈችኝ።