ያለ ጊዜው የጠራ ውኃ

ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ።

መቶ አለቃ አካሉ የግቢውን በር ሳይገፋ ቆም ብሎ አዳመጠ። ጉሮሮው ውኃ ያዘለ ሰው ለመተንፈስ የሚታገል ይመስላል።

«ሞቷል አላላችሁኝም? ታዲያ የሚያቃስተው ማነው?»

«ዓሦቹ ናቸው ጓድ መቶ አለቃ» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሣህሉ። «አየር የሚነፋላቸው ሞተር ነው። ባለቤታቸው ትንፋሹ ቆሞ እነሱ በመብራት ይተነፍሳሉ።»

በግቢው ውስጥ፣ ከፓፓያው ሥር፣ አንድ ሽማግሌ እጁን የፊጥኝ ታስሮ ተቀምጧል። ዓሣ አጥማጁ አደም ነው። ከጀርባው ጣና ያለ ነፋስ ተኝቷል፤ የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስል ዝም ብሏል።

«ገዳዩ ያውና» አለ ሣህሉ። «ታንኳው ውስጥ የብርብራ ዱቄት አገኘንበት፤ ዓሣ የሚያሰክሩበት መርዝ። ከሰዓት በኋላ መኪና ይመጣል፣ አስረክበዋለሁ። መቼም በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ግንባራቸው ጠረጴዛው ላይ ወድቋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ዓሣ ሲያጠኑ ኖረው በጡረታ የተገለሉ ሰው ነበሩ። አካሉ የዓይናቸውን ቆብ ገለጠ። ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ከንፈራቸው ላይ አረፋ ደርቋል። እጃቸውን አንስቶ ጥፍራቸውን አንድ በአንድ አየ፤ ንጹሕ ነው።

«ብርብራ አይደለም። የትኋን መድኃኒት ነው። ጠጥቶ የሞተ ሰው አንሥቻለሁ።»

«እሱስ በየቤቱ አይደል ያለው? አደም ቤትም አይጠፋም» አለ ሣህሉ።

በሟቹ ክንድ አጠገብ፣ አንድ ሩሲያዊ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ የተወላቸው የመስተዋት ሣጥን ቆሟል። ውኃው እንደ ምንጭ ኩልል ብሏል። ዓሦቹ በሕይወት አሉ፤ ግን ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ከታች ነጩ አሸዋ ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ዱቄት ተነጥፏል። በሣጥኑ አፍ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ጉንዳኖች ተሰልፈው ይሄዳሉ። አካሉ ጉንዳኖቹን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ጓዳ ውስጥ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አቀርቅረዋል።

«ማታ አደም ሚስቱ ዘይቱና የበጠበጠችውን ብርዝ ይዞ መጣ» አሉ። «ሦስታችንም ቀመስን። ከዚያ እሱና አደም ተጨቃጨቁ። አደም ‹አታድርገው! አታድርገው!› እያለ ሲጮህ በጆሮዬ ሰማሁ። ሲሄድም በሩን ወርውሮት ነው የሄደ። እኔ ገብቼ ተኛሁ። እሱ ግን የተረፈውን ብርዝ ይዞ ከታመሙት ዓሦቹ ጋር ቀረ። ጧት ብነሣ... ማንቆርቆሪያው ባዶ፣ እሱም...»

«ዓሦቹ ምን ሆነው ነበር?»

«ነጭ ነጭ ነገር ወጥቶባቸው። ትናንት እሱና የእኅቱ ልጅ አስማማው ሰማያዊውን መድኃኒት ጨመሩላቸው። ፈረንጅ ከሰሉን ከማጣሪያው አወጡት።»

«ከሰሉን ለምን?»

«እሱ እንደ ማንደጃችን ከሰል አይደለም። የውኃውን ቀለምም፣ ሽታም፣ መርዝም ይውጣል። መድኃኒት ባለበት ከገባ መድኃኒቱንም ይውጠዋል። ‹ዓሦቹ እስኪድኑ ከሰል እንዳታስገቡ› ብሎን ነበር። እኔስ መቼ ነክቼው አውቃለሁ! የእሱና የአስማማው ሥራ ነው።»

አካሉ ወደ ፓፓያው ወጣ።

«በምን ተጨቃጨቃችሁ አባቴ?»

«የሁለት ሰው ነገር ነው» አለ አደም።

«መኪናው ከመጣ የሚጠይቅዎ እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ብርብራውስ?»

ሽማግሌው በአገጩ ወደ ሣህሉ አመለከተ። «እሱ ሽጉጥ ታጥቋል። ገድሏል ማለት ነው?»

አካሉ ሊስቅ ምንም አልቀረው።

አስማማው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ትምህርቱን የጨረሰ፣ በዚያ ቤት ያደገ፣ ቀጭን ጎረምሳ ነው። «ጋሼን! ጋሼን!» እያለ ገብቶ ሬሳው እግር ሥር ተደፋ። አካሉ እስኪረጋጋ ጠበቀው።

«ማታ የት ነበርህ?»

«ዓባይ ማዶ፣ ጓደኛዬ ዘንድ አደርሁ። መድኃኒቱን ለዓሦቹ ጨምረን እንዳበቃን ነው የሄድሁ።»

«ከዚያ ወዲህ እዚህ አልመጣህም?»

«ኧረ አሁን ነው የገባሁ!»

ፊቱ ወደ መስተዋቱ ነበር። ዓሦቹን አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ሰበረ።

አካሉ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። አደም እንደታሰረ በሩ ሥር ቆመ።

«ጉንዳን ለውኃ ብሎ አይሰለፍም» ሲል ጀመረ አካሉ። «ማር ሸቶት ነው። የተረፈው ብርዝ እዚህ ሣጥን ውስጥ ተደፍቷል። አቶ ሀብተ ሥላሴ መርዝ እንዳለበት ቢያውቁ ባልጠጡ፤ ሦስቱ ከቀመሱት በኋላ መርዙን የጨመረውና እንዳይገኝበት የተረፈውን ሌሊት የደፋው ሌላ ሰው ነው።»

«ደጅ አይደፋውም ነበር?» አለ ሣህሉ።

«የግቢው ዶሮዎች ቀምሰውት ጧት ይሞቱበታል። ውኃው ግን አጠገቡ ነው። ደፋው። ወዲያው ዓሦቹ ይንፈራገጡ ጀመር። ይኼኔ ሰውየው አንጀቱ አልችል አለ። ከሰሉን አፍሶ፣ ሳያጥብ፣ ማጣሪያው ውስጥ ጨመረው። አሸዋው ላይ ያለውን ጥቁር እዩ፤ የችኮላ ሥራ ነው። ከሰሉም መርዙን ዋጠ፣ ዓሦቹ ተረፉ። ግን አብሮ የዋጠው ሌላ ነገር አለ።»

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ካቀረቀሩበት ቀና አሉ። ሣጥኑን አዩ። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

«ውኃው... ሰማያዊ ነበር እኮ!»

«ሰማያዊ ነበር፣ እናቴ። አደም ዕድሜ ልኩን ዓሣ ሲገድል የኖረ ሰው ነው፤ ዓሣ ሞተ ብሎ አይደነግጥም። ይህን ከሰልም አያውቀውም።»

«ሟቹ ራሳቸው ጨምረውት ቢሆንስ?» አለ ሣህሉ።

«ከሰል ውስጥ የገባ እጅ ጥፍሩ ይናገራል። የእሳቸው ንጹሕ ነው።» አካሉ ዞረ። «አስማማው፣ ትናንት ሰማያዊ አድርገህ የተውኸው ውኃ ዛሬ እንዲህ ጠርቶ አገኘኸው። ነገሩን የማላውቀው እኔ እንኳ ገርሞኛል። አንተ ስለምን አልገረመህም?»

ልጁ እጆቹን ከጀርባው ደበቀ።

«ከሰሉን አዲስ አበባ አስመረምረዋለሁ። የዋጠውን አልተፋውም፤ ይዞት ነው ያለው።»

አስማማው ወደ ዓሦቹ ዞረ። «እነሱ ምን በደሉኝ?» አለ ቀስ ብሎ። «እነሱ ምን አደረጉኝ?»

ሣህሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለብሔራዊ ውትድርና ተራው ደርሶ ነበር። እኔ እንኳ ልዝለለው ብያቸው ነበር። ‹የድኻ ልጅ እየሄደ የእኔ ይቀራል?› ብለው እንቢ ያሉት ሟቹ ናቸው።»

አካሉ ወደ አደም ቀረበ። «‹አታድርገው› ያሉት ስለዚህ ነገር ነው?»

ሽማግሌው ልጁን እንጂ መቶ አለቃውን አላየም።

«ልጁን አትስደደው ነው ያልሁት። ተቆጣ፤ እኔም ተቆጣሁ። በሩን ወርውሬ ስወጣ ግን፣ ከኋላዬ ‹በል ተወኝ፣ ነገ ሣህሉን አነጋግራለሁ፤ ይቅርልኝ እለዋለሁ› አለኝ።»

አስማማው ግድግዳውን ታክኮ ወረደ። ከአፉ የወጣውን ድምፅ አካሉ ያውቀዋል፤ ጧት ከበሩ ውጭ ሆኖ የሰማው መስሎት የነበረው እሱ ነው።

ሣህሉ ገመዱን ፈታ። አደም የእጁን አንጓ አሸት አሸት አደረገ። የዘይቱናን ማንቆርቆሪያ ከጠረጴዛው ላይ ሊያነሣ እጁን ዘረጋና ተወው።

«አደም» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ አንተ ነህ ብዬ... ይህን እያወቅህ ነው ዝም ያልኸው? ስለምን?»

«እኔ ብናገር መኪናው ልጁን ይወስደው ነበር» አለ አደም፤ ዓሦቹን አንድ ጊዜ አያቸው። ከዚያ ደፉን ተሻግሮ፣ በፓፓያው ሥር አልፎ፣ ወደ ታንኳው ወረደ። ዞር ብሎም አላየ።